ለልጅ የመጀመሪያ መነጽር ከሆነ እዚህ መነጽር ቤት ውሰዱ (ስለ ትንሽ ማይነስ የተማርኩትንም ጨምሬያለሁ)

ፍርዴን ካሁኑ ልናገር፣ ልጃችሁ ሰሌዳ አይታየኝም ካለቻችሁ ወይም ራቅ ያለ ነገር ለማየት ዓይኗን ማጥበብ ከጀመረች እዚህ ቤት ውሰዷት። ከአምስት አራት ኮከብ ነው የሰጠሁት። ምርመራው ለብቻው ቢሆን ሙሉ አምስት ነበር የምሰጠው፣ አንዷ የተቀነሰችው በወረፋው፣ በፍሬም ምርጫውና አስቀድመው ሊነግሩን ሲገባ ባልነገሩን ነገር ነው፣ እሱን ከታች እጽፈዋለሁ። ረዘም አድርጌ የምጽፈው ደግሞ ስለ ትንሽ ማይነስ (ሩቁን የሚያደበዝዘው የዓይን ችግር) ወላጆች እርስ በርስ የምንባባለው አብዛኛው ነገር ልክ ስላልሆነ ነው፣ እዚህ የተነገረኝንና ከዛ በኋላ ራሴ ያነበብኩትን አንድ ላይ ባስቀምጠው አንድ እናት እንኳን ከጭንቀት ትገላገላለች ብዬ ነው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ናት። የሒሳብ መምህሯ ደውሎ "ከፊት ካላስቀመጥኳት ሰሌዳ ላይ ያለውን ከጓደኛዋ ደብተር ነው የምትገለብጠው" አለኝ። በዛው ሳምንት መጀመሪያ የገባነው ሌላ መነጽር ቤት ነበር። አገጯን ማሽን ላይ አስደገፏት፣ ውስጥ ያለችውን ባሉን እያየሽ ቆዪ አሏት፣ ማሽኑ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ የመሰለች ወረቀት አወጣ፣ ሁለቱም ዓይን ማይነስ 1.75 ተባለ፣ ወዲያው ፍሬም ምረጡ። አንድም ፊደል አላስነበቧትም። እህቴ ነርስ ናት፣ ከዛው ሆኜ ስደውልላት "የልጅ ዓይን ያለ ጠብታ በማሽን ብቻ ተለክቶ መነጽር አይታዘዝም፣ ውጡ" አለችኝ፣ ወጣን። ይሄን ቤት የጠቆመችኝም እሷ ናት።

እዚህ ያለችው ኦፕቶሜትሪስት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረች ወጣት ናት። ሰዉ ሁሉ ዶክተር እያለ ነው የሚጠራት፣ እሷ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሳትሰለች "እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ እይታ እለካለሁ መነጽር አዛለሁ፣ ህክምና ወይ ኦፕሬሽን የሚያስፈልገው ነገር ካየሁ ወደ ዓይን ሐኪም እልካለሁ" ትላለች። ይሄን የሚነግር ቤት ብዙ አላጋጠመኝም፣ ብዙ ቦታ ሻጩም ለኪውም ሐኪሙም አንድ ሰው ነው የሚመስለው። እናንተም ስትገቡ የሚለካው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ወደ ምርመራው ልመለስ። መጀመሪያ ጥያቄ ነው የጠየቀችን። ቤተሰብ ውስጥ መነጽር የሚያደርግ አለ ወይ (ባለቤቴ ያደርጋል)፣ መቼ ነው የጀመራት፣ ራስ ምታት አለ ወይ፣ ስታነብ ደብተሩን ምን ያህል ታስጠጋለች፣ ውጪ ትጫወታለች ወይ፣ ዓይኗን ታሻለች ወይ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ገርማኝ ነበር፣ ከዛ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ ውስጡን አየች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እኛ ሀገር የዓይን አለርጂ ያለባቸው ልጆች በጣም ብዙ ናቸው፣ ያሳክካቸዋል፣ ያሻሉ፣ ለዓመታት በኃይል ሲታሽ ደግሞ የዓይኑ የፊት መስታወት (ኮርኒያ የሚሉት) እየሳሳ ወደፊት ሊሾል ይችላል፣ ኬራቶኮነስ ይባላል፣ እና ሲጀምር ልክ እንደ ተራ ማይነስ ነው የሚመስለው አለችኝ። መነጽር ቶሎ ቶሎ የሚቀየርለት፣ ተቀይሮለትም ጥርት ብሎ የማያይ፣ ዓይኑን የሚያሽ ልጅ ካላችሁ ይሄን ነገር አስታውሱልኝ፣ እሱ ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ሌላ መነጽር አይደለም። የኔ ልጅ ደህና ነች ተመስገን።

ከዛ ከ6 ሜትር ሰንጠረዥ አስነበበቻት፣ አንድ ዓይን እየሸፈነች። በቀኝ ዓይኗ 6/12 በግራው 6/18 አየች። 6/18 ማለት ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን እሷ 6 ሜትር ድረስ ቀርባ ነው የምታየው ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ስሰማ ደነገጥኩ፣ ይቺ ልጅ እስካሁን እንዴት ነው የተማረችው ብዬ።

ቀጥሎ ጠብታው። ይሄ ነው እዚህ ቤት የሚያስመጣው። የልጅ ዓይን ውስጥ ያለው የማተኮሪያ ጡንቻ በጣም ጠንካራ ነው፣ ማሽን ውስጥ አፍጥጪ ሲሏት ጡንቻዋ ራሱ ይጨመደድና ማይነሱን ከእውነተኛው በላይ ያስመስለዋል። ጠብታው ያንን ጡንቻ ለጊዜው ያላላዋል፣ ዓይኑ መደበቅ አይችልም። ትንሽ ያቃጥላል፣ ልጄ እንባዋ መጣ፣ "የኔ ቆንጆ፣ እስከ አስር ቁጠሪና ያልፍልሻል" አለቻት፣ እውነትም ስምንት ላይ አለፈላት። አንዴ ብቻ አይደለም የሚጨመረው፣ ትንሽ ቆይታ ደገመችላት፣ እንደኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ዓይን ላይ መድኃኒቱ ለመሥራት ጊዜ ስለሚወስድ ነው አለች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ኮሪደር ላይ ቁጭ አልን። የዓይኗ ጥቁሩ ክብ ሰፍቶ ቡናማው ጠርዝ ብቻ ቀረ።

ከዛ ጨለም ያለ ክፍል አስገብታት ቀጭን የብርሃን መስመር የሚያወጣ የእጅ መሣሪያ ይዛ ብርሃኑን ዓይኗ ላይ ግራ ቀኝ ታንሸራትታለች፣ በሌላ እጇ ሌንስ ታነሳለች ትጥላለች። ከጀርባዋ ቆሜ እንዳይ ፈቀደችልኝ። ዓይኗ ውስጥ ቀላ ያለ ነጸብራቅ አለ፣ ብርሃኑ ሲንቀሳቀስ እሱም ይንቀሳቀሳል፣ ትክክለኛው ሌንስ ሲደርስ እንቅስቃሴው ይጠፋና መላው ክብ ባንዴ ቦግ ይላል። ልጅቷ ምንም መመለስ አይጠበቅባትም፣ ዓይኗ ራሱ ነው የሚመልሰው። ውጤቱ ቀኝ ማይነስ 0.75፣ ግራ ማይነስ 1.00 ሆነ። ያኛው ቤት 1.75 ብሎ ነበር። በዛ መነጽር ብትሄድ ኖሮ ሰሌዳውን ታየዋለች፣ ግን ደብተሯ ላይ ባጎነበሰች ቁጥር ዓይኗ ትርፉን ኃይል ለመቋቋም ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል፣ ማታ ራሴን አመመኝ ነው።

እዛው ቀን መነጽር አላዘዘችም። ጠብታው ሲለቅ ተመልሳችሁ ኑ አለችን፣ ስንመለስ ያንን ከባድ ክብ የሙከራ ፍሬም አደረገችላትና ሌንሶቹን አስገብታ በረንዳ ላይ አወጣቻት። ማዶ የቆመ ሚኒባስ ታርጋ በቁጥር በቁጥር አነበበችው። "እናንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታዩት?" አለችኝ። ምን ልበላት።

እስኪ አሁን ስለ መንስኤው፣ ምክንያቱም እኔም ሆንኩ አያቷ መጀመሪያ የጠየቅነው "ከምን መጣ" ነው። ትንሽ ማይነስ ሲባል በአብዛኛው የዓይን ኳሱ ከፊት ወደ ኋላ በትንሹ ረዝሟል ማለት ነው። የአዋቂ ዓይን ርዝመቱ ወደ 24 ሚሊሜትር ነው። ዓይኑ ሲረዝም ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ኋላ ያለው ሬቲና (ብርሃኑን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ) ላይ ከመድረሱ በፊት ፊት ለፊቱ ይሰበሰባል፣ ስለዚ ሩቁ ይደበዝዛል፣ ቅርቡ ግን ጥርት ይላል። አንድ ሙሉ ሚሊሜትር መርዘም ማይነስ ሁለት ተኩልም ሦስትም ገደማ ያመጣል፣ የኔ ልጅ የግራ ዓይን ማይነስ 1 እንግዲህ ከሚሊሜትር ሲሶ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ይሄን ስሰማ ሁለት ነገር ገባኝ፣ አንደኛ እንዲህ ጥቂት ነገር ልጅን ከክፍሏ አንደኝነት ሊያወርዳት እንደሚችል፣ ሁለተኛ ደግሞ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርም። ዩትዩብ ላይ "በ30 ቀን መነጽር ጣሉ" የሚሉት የዓይን ስፖርቶች ይሄን ርዝመት አይመልሱትም፣ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም አትስጧቸው።

ቁጥሩን ማንበብም ቀላል ነው። ማይነስ 1 ያለው ሰው ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 1 ሜትር ነው፣ ማይነስ 2 እስከ 50 ሳንቲሜትር፣ ማይነስ 3 እስከ 33 ሳንቲሜትር። 1ን በቁጥሩ ማካፈል ነው በቃ። እስከ 3 ያለውን ትንሽ ነው የሚሉት፣ ከ6 በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል፣ እዛ ላይ ነው ሬቲና መቀደድ፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ምናምን የሚባለው ስጋት በደንብ የሚጨምረው። ስለዚ በልጅነት ዋናው ሥራ ትንሹን ማይነስ ትንሽ እንደሆነ ማቆየት ነው።

ለምን ይረዝማል ለሚለው፣ ዘር አለበት፣ አባት ወይ እናት ካለባቸው የልጅ ዕድል ይጨምራል። ግን ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ አይበዛም ነበር፣ በምሥራቅ እስያ ከተሞች ትምህርት ቤት ከሚጨርሱት ወጣቶች አብዛኞቹ ማይነስ ናቸው፣ አያቶቻቸው ግን እንደዛ አልነበሩም። የተቀየረው አኗኗሩ ነው፣ ለረዥም ሰዓት ሳይቋረጥ ቅርብ ነገር ላይ ማፍጠጥና ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀን ብርሃን ማጣት። ስለ ብርሃኑ ቻይና ጓንግዡ ከተማ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ በ2015 በፈረንጆቹ የወጣ፣ 12 ትምህርት ቤቶችን ወስደው በግማሾቹ አንደኛ ክፍል ልጆችን በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ውጪ አዋሏቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ውጪ ከዋሉት 30.4 ከመቶው ማይነስ ሆኑ፣ ካልዋሉት 39.5 ከመቶው። 40 ደቂቃ ብቻ እኮ ነው! ታይዋን ደግሞ ልጆች በቀን 2 ሰዓት ውጪ እንዲውሉ በትምህርት ቤት ደረጃ ነው የምትሠራው።

ሜዳ ላይ መሮጡ ሳይሆን ብርሃኑ ነው የሚሠራው ይላሉ። ክፍል ውስጥ ብርሃኑ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ነው፣ ውጪ ጥላ ሥር እንኳን ብትቀመጥ በሺዎች ይቆጠራል። ብርሃኑ ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል፣ እሱ ደግሞ የዓይኑን መርዘም ያግታል ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ በእንስሳት ላይ ተሠርቷል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እስኪ አስቡት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች፣ ቱቶር፣ የቤት ሥራ፣ ስልክ፣ ቅዳሜም ማጠናከሪያ ትምህርት። አስራ ሦስት ወር ፀሐይ እያለ ልጆቻችን ፀሐይ አያዩም። ኦፕቶሜትሪስቷ እንደነገረችኝ ግን ውጪ መዋሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ገና ያልጀመራቸውን ልጆች ነው፣ ከጀመረ በኋላ የማዘግየት ኃይሉ ያንን ያህል አይደለም። ስለዚ ለትልቋ እየሞከርን፣ ለ7 ዓመቱ ታናሿ ግን ሕግ አድርገነዋል፣ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ቦርሳ ይወረወራል ሰፈር ሜዳ ይወረዳል፣ የቤት ሥራው ማታ መብራት ሥር ይደርሳል።

ስልክን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው ጨረሩን ነው። የሚያሳስበው ርቀቱና አለማቋረጡ ነው። መጽሐፍም እኮ አፍንጫ ላይ ተለጥፎ ሁለት ሰዓት ከተነበበ ያው ነው። እሷ የሰጠችን ሕግ ቀላል ናት፣ ከክርን እስከ ጣት መገጣጠሚያ ባለው ርቀት ማንበብ፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ያህል ከ6 ሜትር በላይ የራቀ ነገር ማየት። ልጄ መስኮት ላይ ሄዳ ማዶ ያለውን የውሃ ታንከር ነው የምታየው። ተኝቶ ስልክ ማየት ቤታችን ውስጥ ቀርቷል፣ ለአባቷም ጭምር።

አያቷ (የባለቤቴ እናት) አብረውን ነበሩ፣ መነጽሩን አልፈለጉትም። "ልጄ፣ አሁን ከለመደችው እኮ ዓይኗ ይሰንፍና ያለሱ አታይም፣ ካሮት ትብላና እንየው" አሏት። ኦፕቶሜትሪስቷ ሳትቆጣ ሳትስቅ እጃቸውን ይዛ "እማማ፣ አሁንም ያለሱ እያየች አይደለም እኮ። መነጽሩን ካደረገች በኋላ ጥርት ያለውን ስለምታውቀው ነው ስታወልቀው ብዥታው የሚታወቃት። ዓይኗ ስለሰነፈ አይደለም" አለቻቸው። ካሮቱን ደግሞ ትብላ፣ ጥሩ ነው፣ ቫይታሚን ኤ ያጣ ልጅ ዳፍንት ይይዘዋል፣ ማይነስን ግን ካሮት አይነካውም አለች። እኔ ደግሞ ቤት ስገባ ቁጥሩ ቀነስ ያለ መነጽር ይሻላል ወይ የሚለውን አነበብኩ፣ ማሌዥያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2002 የወጣ ጥናት አለ፣ ሆን ተብሎ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ማይነሳቸው ሙሉውን ካደረጉት በፍጥነት ነው የጨመረው። ስለዚ "ትንሽ ቀነስ አድርጉላት እንዳይለምዳት" ብላችሁ አታስቀንሱ። አያቷ አሁን ጠዋት ጠዋት "መነጽርሽን ያዝሽ?" ብለው በር ላይ የሚጠይቋት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ሽያጩ ጋ ስንደርስ ነው የበለጠ የወደድኳቸው። ብሉ ካት (ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክለውን) ጨምሩልኝ ብዬ ራሴ ጠየቅኩ፣ ሁሉም ሰው ስለሚለው። ሻጩ ልጅ "ከፈለጉ አለን፣ ግን ዓይን ድካም ይቀንሳል ማይነስ ያቆማል ብዬ አልሸጥልዎትም፣ ብርዎትን ለፀረ ነጸብራቅ ያውሉት" አለኝ። ሻጭ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በፈረንጆቹ 2023 ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም 17 ጥናቶችን አይቶ ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክለው ሌንስ ኮምፒውተር ላይ የሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራው ሌንስ የተሻለ እንደማይቀንስ ነው የጻፈው፣ ቢያንስ በአጭር ጊዜ። ፀረ ነጸብራቁ ግን እውነት ይለያል፣ መምህሩም ፎቶ አንሺውም ዓይኗን እንጂ የመስኮቱን ነጸብራቅ አያዩም፣ ማታም የመኪና መብራት ያን ያህል አይበተንባትም።

ስስ ሌንስ የሚሉትን ውዱን (1.67 የሚባለው የሌንስ ዓይነት) ለማይነስ 1 አትግዙ፣ ልዩነቱ በዓይን እንኳን አይታይም፣ እሱ ለ5 ለ6 ነው የተሠራው። ለልጅ ፖሊካርቦኔት (ምት የሚችል ፕላስቲክ ሌንስ) አስደርጉ፣ ኳስ ቢመታት በቀላሉ አይሰበርም፣ እሱ ላይ ግን ጭረት መከላከያ መኖሩን ጠይቁ ምክንያቱም ለስላሳ ነው ቶሎ ይጫራል። ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው፣ ፎቶ የሚሉት ሌንስ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ልጄ ፎቶ ይቅርብኝ አለች እኔም ደስ አለኝ። ዋጋ ቁጥር ባልጽፍ ይሻላል፣ ሌንሱም ፍሬሙም ከውጪ ስለሚመጣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያው አይደለም። ደረሰኙ ላይ ግን ምርመራው፣ ፍሬሙና ሌንሱ ለየብቻ ነው የተጻፈው፣ ምርመራውን ከፍላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ ቦታ መግዛት ትችላላችሁ፣ ፊታቸውን አያጠቁሩም።

ስለ ማዘግየት ሕክምናም ጠይቄያታለሁ። ዝቅተኛ መጠን ያለው አትሮፒን ጠብታ አለ፣ ሲንጋፖርና ሆንግ ኮንግ ላይ በደንብ ተጠንቷል፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ከተሞከሩት መጠኖች 0.05 ከመቶው ነው የተሻለ የሠራው። ማታ ተደርጎ የሚተኛበት ጠንካራ ኮንታክት ሌንስም አለ፣ ጠርዙ ላይ ልዩ አሠራር ያላቸው የልጆች መነጽሮችም አሉ። ለልጄ ግን በዚህ ዕድሜ በዚህ ቁጥር አሁን አልቸኮለችም፣ በስድስት ወር እንለካ፣ በዓመት ከግማሽ ቁጥር (ከ0.50) በላይ እየጨመረ ከሄደ ወደ ልጆች ዓይን ሐኪም እልካችኋለሁ አለች። አንድ ነገር አደራ፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለው አትሮፒን 1 ከመቶ ነው፣ በራሳችሁ ገዝታችሁ ልጅ ዓይን ላይ እንዳትጨምሩ፣ የዓይኑን ክብ እስከ ሁለት ሳምንት ሊያሰፋው ይችላል፣ ከዛም ሌላ ጉዳት አለው። ኮንታክት ሌንስ የሚያስቡ ወጣቶች ካላችሁ ደግሞ በቧንቧ ውሃ በፍጹም አትጠቡት፣ አድርጋችሁም አትዋኙ። ሌዘር ኦፕሬሽኑ ከ18 ዓመት በኋላ ያውም ቁጥሩ መጨመር ካቆመ ነው።

የአባቴን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። ከ60 አልፎታል፣ ለማንበብ መነጽር ይጠቀም ነበር፣ ባለፈው ዓመት ጋዜጣ ያለ መነጽር ማንበብ ጀመረ። ቤተሰቡ እልል አለ። እዚህ ቤት ለልጄ ስንመላለስ ለወሬ ያህል ሳነሳው ኦፕቶሜትሪስቷ ፊቷ ተቀየረ፣ "ይምጡ" አለች። ሲለካ ዕድሜ ልኩን ያልነበረበት ማይነስ መጥቶበታል፣ ምክንያቱ የዓይን ሞራ መጀመሩ ነው፣ የዓይኑ ሌንስ መሐሉ እየጠነከረ ሲሄድ ቅርቡን ያጠራል ሩቁን ያደበዝዛል። መነጽር ልትሸጥለት ትችል ነበር። አልሸጠችም፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወረቀት ጽፋ ላከችው። በትልቅ ሰው ላይ ድንገት የመጣ ማይነስ፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት የሚዋዥቅ ከሆነ፣ መነጽር ከመቀየር በፊት ምርመራ ነው። በማንኛውም ዕድሜ ብልጭታ ማየት፣ ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ወይ ዓይን ላይ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ ደግሞ ነገ አይባልም፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ።

አሁን ቅሬታዬ። ቀጠሮ ይሰጣሉ ግን ወረፋው በቀጠሮው አይሄድም፣ ከኛ ኋላ የመጡ በትውውቅ ሲገቡ አይቻለሁ፣ ይሄ ቅር ያሰኛል። ስልክ አያነሱም። የልጆች ፍሬም አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው፣ አብዛኛው የትልቅ ሰው ሆኖ ያነሰ ነው እንጂ ለልጅ አፍንጫ የተሠራ አይደለም፣ የመጀመሪያ የመረጥነው እየተንሸራተተ ጫፍ ላይ ይቆም ነበር፣ መነጽር ሲንሸራተት ደግሞ የሌንሱ መሐል ከዓይን መሐል ጋ አይገጥምም። የአፍንጫ መደገፊያው የሚስተካከል ብረት ፍሬም ቀይረን ነው የተፈታው፣ ያለ ክፍያ ነው የቀየሩልን ግን መጀመሪያውኑ ማየት ነበረባቸው። ሌንሱም ከተባለው ቀን ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ከሁሉም የከፋኝ ስለ ጠብታው አስቀድመው ስልክ ላይ አለመናገራቸው ነው። ልጅቷ በማግስቱ የአማርኛ ፈተና ነበራት፣ ማታ ደብተሯን ልትከልስ ብትል ፊደሉ ሁሉ ብዥ አለባት፣ ብርሃኑም አስቸገራት፣ አባቷ እያነበበላት ነው ያጠናችው። በማግስቱ ከሰዓት ነው ሙሉ በሙሉ የለቀቃት። ጉዳት የለውም፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ቀኑን እንቀይር ነበር። ኃላፊው ይሄን ካነበበ ቀጠሮ ስትይዙልን "ለልጅ ከሆነ በማግስቱ ፈተና የሌለበት ቀን ይሁን" ብላችሁ ንገሩን፣ ትልቅ ነገር ነው።

ለምትሄዱ፣ አርብ ከሰዓት ወይ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ከዛ በኋላ ኮሪደሩ ይሞላል። ሁለተኛ ፎቅ ነው ሊፍት የለውም፣ ትልቅ ሰው ካለ ቀስ ብላችሁ። ለልጁ ኮፍያ ወይ የፀሐይ መነጽር ያዙ ሲወጣ ብርሃኑ ያስቸግረዋል፣ መክሰስም ያዙ ቆይታው ረዥም ነው። የድሮ መነጽር ካለ ይዛችሁ ሂዱ ከአሁኑ ጋ ያወዳድሩታል። የመለኪያ ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ በስድስት ወር ስትመለሱ ቁጥሩ ጨመረ አልጨመረ የሚታወቀው በሱ ነው። እኛ ጥር ላይ ነው የምንመለሰው፣ የሷንም የታናሿንም አስለክቼ ቁጥሩን እዚሁ ሥር እጨምርላችኋለሁ።